ሞተሩ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ይቀመጡ

3. ታንከሩ ውስጥ ናፍታ መኖሩን ያረጋግጡ።

አለ።

ክዳኑን ከፍቼ እንጨት ነክሬ አየሁ፤ ከግማሽ በላይ ነው። ፊልትሮውን ፈትቼ አጠብኩ። ቱቦውን በአፌ ስስብ አንድ ጉንጭ ናፍታ ዋጥኩ። ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ ማቅለሽለሹ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። በናፍታው ማመካኘት ደግሞ ከእንግዲህ አልችልም።

አንባቢ ሆይ፣ ከ3 የጀመርኩት ልራቀቅ ብዬ አይደለም። ወደ አማርኛ የተተረጎመውን የትራክተሩን መመሪያ ሲሰጡኝ 1 እና 2 ያሉበት ቅጠል ተገንጥሎ ነበር። የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። ሃያ ሰባት ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ደግሞ ወረቀት ሊያስተምረኝ ነው?

ደምስ እባላለሁ። ከወረዳው ከተማ መውጫ ላይ ጋራዥ አለኝ። የቀጨሞ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ሞላልኝ "አዲሷ ትራክተራችን እምቢ ብላለች፣ ድረስልን" ብሎ የደወለልኝ ሰኞ ጠዋት ነው። ትራክተሯ ትንሽ ናት፤ ቁመቷ ከበሬ ብዙ አይበልጥም። ከኋላዋ አፈር የሚፈጭ ተሽከርካሪ ማረሻ ተገጥሞላታል። ዝናቡ ጀምሯል፤ የማኅበሩ መሬት ግማሹ ገና አልታረሰም።


4. ባትሪውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ይፈትሹ።

ባትሪው ሙሉ ነው። ቢሆንም ቀየርኩት። ቫልቮላዎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ወደ ፀሐይ አየሁ፤ አንዱም አልተቃጠለም። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አወረድኩት፤ ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። ሰኞ በዚሁ አለቀ። ከትራክተሯ ጎን ቆሜ ቁልፉን አዞርኩ።

ዝም።

እንደገና አዞርኩ።

ዝም።

በቦታው የተገኙ፦

አቶ ሞላልኝ፣ ቆሞ።
ምክትሉ፣ ቆሞ።
አምስት ሽማግሌዎች፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው።
አላፊ አግዳሚ፣ ቆሞ።
እኔ፣ ቆሜ።

ሁሉም ተራ በተራ ከጎን ጎንበስ እያለ ቁልፉን አዞረ። አንዱ ሲያቅተው ሌላው "እስቲ ዞር በል፣ አንተ እጅህ ከባድ ነው" ይለዋል። አንዱ ሽማግሌ ከማዞሩ በፊት አማተበ። ሌላው ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቀው። ያኔ አሳቀኝ። አሁን ሳስበው ሁላችንንም፣ ከሁሉም በላይ ራሴን፣ እጠላለሁ።

ተራ ያልደረሳት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ሹፌሯ።


5.

በኋላ እመለስበታለሁ።


6. የማሽኑን ኦፕሬተር ያነጋግሩ።

አትጠገብ ትባላለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ማኅበሩ መርጦ ልኳት፣ ሦስት ወር ሠልጥና፣ የመንጃ ወረቀቷን በፕላስቲክ አስለብጣ የተመለሰች የቀጨሞ ልጅ ናት። እኔ ስደርስ "አበላሸቻት" ተብላ ቁልፉን ከተቀማች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። አጥሩን ተደግፋ ትመለከተናለች።

ንግግራችንን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። ያኔ አልጻፍኩትም፤ አንዲት ቃል ግን አልጠፋችኝም።

አትጠገብ፦ ጋሼ፣ መቀመጫው ላይ ሰው ከሌለ አትነሳም።

እኔ፦ ምን አልሽ?

አትጠገብ፦ መቀመጫው ሥር ስዊች አለ። ሰው ሲቀመጥበት ይገናኛል። መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ፍሪሲዮኑን ይርገጡ፣ የማረሻውን እጀታ ያጥፉ፤ ከዚያ ያዙሩት።

እኔ፦ ሊቀመንበሩ ቆሞ፣ አባቶች ቆመው፣ እኔ እላይ ተኮፍሼ ልቀመጥ?

አትጠገብ፦ እንደሱ ካልሆነ ግን…

አቶ ሞላልኝ፦ አንቺ ልጅ፣ መካኒኩን ሥራ አታስፈቺው።

እኔ፦ ተዋት፣ ትናገር እንጂ። ነገ ደግሞ ጋራዡን ትረከበኛለች። (ሳቅ)

"ሳቅ" ያልኩት የኔን ነው። ሌሎቹም ሳቁ። መጀመሪያ የሳቅሁት ግን እኔ ነኝ። አትጠገብ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አድርጋ ወደ አጥሩ ተመለሰች።


7. ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ፦

ትራክተሯ እንዴት "ተበላሸች" እንደተባለች እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ።

ገጠር ያደግክ አንባቢ ታውቀዋለህ፤ ለሌላው ልንገር። ታላቅ ሰው ሲመጣ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ይልና "ኖር!" ይላል። መጪው "በእግዜር!" ብሎ ይመልሳል፤ በእግዜር ተቀመጡ፣ ለኔ ብላችሁ አትነሱ ማለቱ ነው። የተነሳውም ከተነሳ በኋላ ነው ይህን የሚሰማው። "በእግዜር" እስኪባል ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ቀጨሞ ላይ አልተወለደም።

አትጠገብ በመጀመሪያው ሰሞን ትራክተሯ ላይ ሆና አትነሳም ነበር። ሥልጠናው ላይ እንዲያ ተብላለች። አባቶች ቅር አላቸው። "ብረት ላይ ብትወጣ ሰው መሆናችንን ረሳች" አሉ። አቶ ሞላልኝ ቢሮው ጠርቶ ገሠጻት። እናቷም አለቀሰችባት፤ "አሳዳጊ የበደላት አሰኘሽኝ" ብላ።

ከዚያ ወዲያ ታላቅ ሰው ባለፈ ቁጥር ብድግ ትል ጀመር። ብድግ ስትል ስዊቹ ይለቃል፤ ማረሻው እየዞረ ሹፌር ከተነሳ ሞተሩ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሞተሩ ይጠፋል፤ ትራክተሯም፣ ማረሻውም ቀጥ ይላሉ። አትጠገብ በኋላ በኩል ትወርዳለች። ሰላምታ ትሰጣለች፤ ቄስ ከሆኑ መስቀል ትሳለማለች። ተመልሳ ትቀመጣለች፣ ታስነሳለች፣ ታርሳለች።

አየህ ብልሃቷን? ሥልጠናውንም አባቶችንም አስታርቃ ነበር። ማንም ያልተናቀበት፣ ማንም ያልተጎዳበት መላ አግኝታ በዚያ ላይ ሦስት ሳምንት አረሰች።

ቀጨሞ ግን እንዲህ አላየውም። ሰው ባለፈ ቁጥር ቀጥ የምትል ትራክተር! "ዓይን በልቷታል" ያሉ አሉ። "ልጅቱ ሥራ ጠልታ ሆን ብላ ነው" ያሉ አሉ። ዓርብ ዕለት አቶ ሞላልኝ ከወረዳ የመጡ እንግዶችን ይዞ ሲያልፍ ጠፋችበትና ተዋረድኩ አለ። ቁልፉን ነቅሎ ወሰደ። ከዚያ ወንዶቹ ከጎን ቆመው ሞከሩ፤ እምቢ አለች። እኔም ተጠራሁ።


5.

ጥቁር ናስትሮ፣ አንድ ጥቅል። ፒንሳ።

አይ። ገና ነኝ።


8. ሁሉም ሙከራ ካልሠራ ትንሽ አርፈው እንደገና ይጀምሩ።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት። አቶ ሞላልኝና ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ሄደው ነበር። የሚከበር ሰው አጠገቤ የለም። አንድ ዳቦና አንድ ፔርሙስ ሻይ ይዣለሁ። መሬቱ ደግሞ ጭቃ ነው።

ተቀመጥኩ።

ትራክተሯ ላይ ማለቴ ነው። ዳቦዬን እገምጣለሁ፤ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ አርፏል። እጄ ሥራ ፈትቶ ቁልፉን አዞረው።

ተነሳች።

ግራሩ ሥር የነበረው ሁሉ በእልልታና በጭብጨባ እየሮጠ መጣ። እኔ ዳቦውን ጉንጬ ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ናፍታ ስጉመጠመጥ፣ ደህና ባትሪ ስቀይር፣ ደህና ሞተሪኖ ስፈታ የኖርኩት መቀመጥ አቅቶኝ ነው! አትጠገብ አጥሩ ጋ እንደቆመች ታየኛለች። አልሳቀችም። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ነበር ችግሩ?" አለ አቶ ሞላልኝ እያለከለከ።

"ኮንታክት ነው። ሽቦ ላልቶ ነበር" አልኩ።

ይህ የመጀመሪያው ውሸት ነው። ትንሽ ይመስላል። ሐፍረት የወለደው ውሸት ስለሆነ ሰው ይቅር የሚለው ዓይነት ነው። እኔ ግን እንዲህ ስጽፈው እንኳ ይቀፈኛል።


9. የተከናወነው ጥገና ዝርዝር (ከማኅበሩ መዝገብ የተገለበጠ፤ ጽሕፈቱ የኔ)

ባትሪ፦ ተቀይሯል
ፊልትሮ፦ ታጥቧል
ሞተሪኖ፦ ተፈትቶ ተገጥሟል
የኤሌክትሪክ ችግር፦ ተስተካክሏል
ሙከራ፦ ሠርቷል

አራተኛውን መስመር ደግመህ አንብብልኝ። ሁለት ቃል ነገርና አንድ ቃል መልስ ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት አልፈለግሁም።


5.

እሺ።

ሞተሩ እየሠራ አቶ ሞላልኝ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

አቶ ሞላልኝ፦ ይሄ ሰው ባለፈ ቁጥር የሚጠፋው ነገርስ?

እኔ፦ እሱ እንኳ ብልሽት አይደለም። መቀመጫው ሥር…

አቶ ሞላልኝ፦ ደምስ፣ ሰው እየታዘበን ነው። ልጅቱ ካልተነሳች አባቶች ይቀየማሉ፤ ከተነሳች ሥራ ይቆማል። የሆነ ነገር አድርግ።

እኔ፦ ማገናኘት ይቻላል። ስዊቹን ዘለን ሽቦውን ከሽቦው ካገናኘነው ብትነሳም አይጠፋም።

አቶ ሞላልኝ፦ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ስለ ስዊች የሚያውቀው ነገር የለም። ለምን እንደተሠራ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ሹፌር ቢወድቅ ማረሻው እንዳያገኘው ነው። ጋራዤ ለሚመጣ ለማንም እነግረዋለሁ። ለራሴ ግን "ልጅቱ ጠንቃቃ ናት፣ ምን ትሆናለች" አልኩት።

አትጠገብን ለእጃችን ውሃ እንድታመጣ ላክናት።

መቀመጫውን ፈታሁ። ከስዊቹ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች በፒንሳ ቆረጥኩ፣ ላጥኩ፣ በአንዲት አጭር ቀይ ሽቦ አገናኘሁ፣ ናስትሮ ጠቀለልኩበት። አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ማረሻውን አስዙሬ ብድግ አልኩ።

አልጠፋም።

አቶ ሞላልኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ማረሻውን አቆምኩ፤ መቀመጫውን መልሼ ገጠምኩ። ከላይ ሲታይ ምንም አይታወቅም። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ያን ጊዜ እንዲያውም ኮራሁበት።

አትጠገብ በጆግ ውሃ ይዛ መጣች። ሳሙናም አልረሳችም። ጎንበስ ብላ እጄን አስታጠበችኝ።

"ተስተካከለች፣ ጋሼ?"

"ተስተካክላለች።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

አልነገርኳትም። ረስቼ እንዳይመስልህ። ብነግራት "ብልሽቱ ምን ነበር?" ትለኛለች። ያን ጊዜ ሰኞ ዕለት እሷ ያለችው ሆኖ መገኘቱን፣ የሳቅሁባት እኔ መሆኔን፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ማመን ሊኖርብኝ ነው። እሱን ነው የሸሸሁት። እጄን በሱሪዬ ጠራርጌ፣ መሣሪያዬን ሰብስቤ ሄድኩ።


10. ረቡዕ

ረቡዕ በዚያ ማሳ አጠገብ ታላቅ ሰው አላለፈም። ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ።

አንድ ሰው ቢያልፍ ኖሮ፣ እሷም ብድግ ብላ ሞተሩ እንዳልጠፋ ብታይ፣ ምናልባት ሳትወርድ ትመለስ ነበር። አንድ ሰው። ገበያ ቀን አልነበረም። ለቅሶም አልነበረም። ቁልፏ ተመልሶላት ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ አረሰች።


11. ሐሙስ

ይህን የነገሩኝ መምሬ አንዳርጌ ናቸው፤ የደብሩ ቄስ። ቃላቸውን አልነካሁም።

"ከተዝካር ስመለስ ነው። ጥላዬን ይዤ በድንበሩ ላይ መጣሁ። ገና ከሩቅ አየችኝ። እንደምትነሳልኝ ስለማውቅ ከሩቁ 'በእግዜር! በእግዜር ልጄ!' እያልኩ እጄን አወዛወዝኩላት። ሞተሩ ይጮኻል፣ አልሰማችኝም። ብድግ አለች። 'ኖር' ስትል አፏን አየሁት፣ ድምፁን ግን አልሰማሁትም። እንደ ወትሮዋ ልትወርድ እግሯን ወደ ኋላ ሰደደች። ትቆማለች ብላ ነዋ! ሁልጊዜ ትቆም የለም? አልቆመችም።"



 

 

 

"ትራክተሯ ብቻዋን ሄዳ ሄዳ ቦዩ ውስጥ ገባች። እስክትገባ ድረስ ታርስ ነበር።"

የአትጠገብን ቀኝ እግር ሐኪሞች ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት።

መምሬ አንዳርጌ ከዚያን ቀን ወዲህ በማሳው በኩል አያልፉም። በገደሉ ዞረው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ዳገት እየወጡ ይሄዳሉ። "እኔን ብላ ነው፤ እኔ ነኝ ያጠፋኋት" ይላሉ። ይህን ሲሉኝ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር። አይደለም፣ እርስዎ አይደሉም አላልኳቸውም። ቆሎ አቀረቡልኝ። ቆረጠምኩ።


ለአንባቢ የተሰጠ ሙከራ

ጥንቃቄ የጎደላት መሆን አለመሆኗን ራስህ ፈትሽ።

ሀ. ወንበር ላይ ተቀመጥ።
ለ. ያሳደጉህ ሰው፣ ወይም ያስተማሩህ፣ ወይም ክርስትና ያነሱህ፣ በበሩ ሲገቡ በዓይነ ኅሊናህ ተመልከት። አርጅተዋል። ለመራመድ ዱላ ይዘዋል።
ሐ. አትነሳ።

እንግዲህ ንገረኝ። ቂጥህ ወንበሩን አልለቀቀም?


12. የአደጋ ሪፖርት ቅጽ

የማሽኑ ሁኔታ ከአደጋው በፊት፦ በቅርቡ ተጠግኖ በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ
የአደጋው ምክንያት (አንዱን ያክብቡ)፦
  ሀ. የኦፕሬተሩ የጥንቃቄ ጉድለት
  ለ. የማሽኑ ብልሽት
  ሐ. የጥገና ጉድለት
ማብራሪያ (ከሁለት መስመር ያልበለጠ)፦
ያረጋገጠው መካኒክ ስምና ፊርማ፦

የመጀመሪያውን መስመር አቶ ሞላልኝ ሞልቶታል። "ሀ" ላይም በእርሳስ ነጥብ አድርጎበታል፤ እኔ በእስክሪብቶ ላክብበት ነው። መርማሪው ሰኞ ይመጣል። "ሀ" ከተከበበ አትጠገብ የመንጃ ወረቀቷ ይወሰዳል፤ ማኅበሩም በራሷ ጥፋት ብሎ ያሰናብታታል። ስሟ በመላ ወረዳው "ትራክተር ላይ የቆመችዋ" ሆኖ ይቀራል። ከሷ በኋላ ሴት ልጅ ለሥልጠና የሚልክ ማኅበር ይገኝ እንደሆነ አላውቅም።

"ለሷ ምን ይለውጥላታል? እግሩ እንደሆነ አይመለስ" አለኝ አቶ ሞላልኝ። ይህን የተናገረው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው። ከጥርሱ ያወጣውን አየት አድርጎ መልሶ በላው።

ነገር ግን እሱን ለመጸየፍ ምን መብት አለኝ? በአደጋው ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ "ያቺን ነገር ሰው ሳያይ አንሳት" ሲለኝ "እሺ" ብዬ ሄጃለሁ። ቦዩ ውስጥ ገብቼ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቴ እየያዘኝ፣ ናስትሮውን ላጥኩ፣ ቀይዋን ሽቦ ፈታሁ፣ ስዊቹን እንደነበረው መለስኩ። ማረሻው ላይ ያለውን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የምሠራው። አሁን መርማሪ መጥቶ ቢፈትሽ ስዊቹ ይሠራል። ብድግ ሲሉ ሞተሩ ይጠፋል።

ሽቦዋ ኪሴ ውስጥ ናት። ከአውራ ጣቴ አትረዝምም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚሁ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው። ጀርባው ሲያልቅ ከጥገና ደብተሬ ገጽ እየገነጠልኩ ቀጠልኩ። ለሁለቱ መስመር የሚሆን ዓረፍተ ነገር ስፈልግ እዚህ ደረስኩ።


2.

ቅጹን ልቀበል የማኅበሩ ቢሮ ስገባ ከሊቀመንበሩ ወንበር በላይ መስታወት ባለው ፍሬም አንድ ሥዕል ተሰቅሎ አየሁ። አረንጓዴ ሜዳ፣ ቀይ ትራክተር፣ ላይዋ ላይ ጥርሱን ብልጭ ያደረገ ሰው። ከመመሪያው የተገነጠለው ቅጠል ነው። ባለቀለም ነገር እንዴት መጽሐፍ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል ብለው፣ እንግዳ ይየው ብለው፣ ገና ትራክተሯ የመጣች ዕለት ነው የሰቀሉት። እኛም ቤት የቀን መቁጠሪያው ሥዕል ዓመቱ ካለፈ በኋላም ግድግዳው ላይ ነው።

አቶ ሞላልኝ ስልክ ሊያነጋግር ሲወጣ ፍሬሙን አውርጄ ጀርባውን ከፈትኩ። ጽሑፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ከታች በኩል፣ በደማቅ ፊደል፦

"2. ማስጠንቀቂያ፦ መቀመጫው ሥር ያለውን ስዊች በፍጹም አይንቀሉ፣ ሽቦዎቹንም አያገናኙ። ኦፕሬተሩ ሲነሳ ሞተሩ የሚጠፋው ሕይወቱን ለመጠበቅ ነው።"

ይህን ባነብ ኖሮ አላደርገውም ነበር ልልህ አማረኝ። ውሸት ነው። ያለ ወረቀቱም አውቅ ነበር። ቅጠሉን መልሼ ከፍሬሙ ከተትኩት፣ ሰቀልኩት። ትንሽ ተንጋዶ ስለነበር አቃናሁት።


1.

ከሱ በላይ ያለው ደግሞ ይህ ነበር፦

"1. ሞተሩ አልነሳ ካለ መጀመሪያ መቀመጫው ላይ ይቀመጡ።"

አትጠገብ ሰኞ ዕለት ያለችኝ ይህንኑ ነው።


13. ዓርብ፣ ዛሬ

ሆስፒታል ሄድኩ። በአንድ ኪሴ ቅጹ፣ በሌላው ሽቦዋ። ብርቱካን ገዝቼ ነበር፤ በር ላይ ስደርስ ፌስታሉ እጄ ላይ ይንኮሻኮሻል።

አየችኝ። ክርኗን አልጋው ላይ ተክላ፣ ብርድ ልብሱን በአንድ እጇ ገፋ አድርጋ፣ ልትነሳ ሞከረች።

"ኖር፣ ጋሼ!"

"በእግዜር" ማለት ነበረብኝ። ሮጬ ትከሻዋን ይዤ አስተኛኋት። ነርሷ ከኮሪደሩ ዞር ብላ አየችኝ።

ከዚያ በኋላ የተባባልነው ይህ ነው።

አትጠገብ፦ እዚህ ድረስ ለፉ፣ ጋሼ። ብርቱካን ደግሞ ምን ያደርጋል?

እኔ፦ እንዴት ነሽ?

አትጠገብ፦ ተመስገን ነው። የሌለው እግሬ ያሳክከኛል፤ እጄን ስሰድ ባዶ ነው።

እኔ፦ አይዞሽ።

አትጠገብ፦ ጋሼ፣ ተኝቼ ሳስበው ነው የምውለው። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት እያልኩ። ማረሻው እየዞረ ነበር፤ እየዞረ ከተነሳሁ መጥፋት አለበት። ሥልጠና ላይ ሞክረን አይተነዋል። ከዚያም ወዲህ ስንት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠፋ ቀርቶ አያውቅም።

እኔ፦ አዎ።

አትጠገብ፦ አቶ ሞላልኝ ትናንት መጥተው "ጥንቃቄ ጎድሎኝ ነው ብለሽ ፈርሚ" አሉኝ። መካኒኩን ሳልጠይቅ አልፈርምም አልኳቸው። እሳቸው ከትራክተሯ ጋር ሁለት ቀን ውለዋል፣ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው ካሉኝ እፈርማለሁ አልኳቸው።

እኔ፦ እንዲህ አልሻቸው?

አትጠገብ፦ አዎ። እርስዎን እየጠበቅሁ ነበር።

እኔ፦ ብርቱካን ልላጥልሽ።

አትጠገብ፦ ጋሼ ደምስ፣ ለምን አልጠፋም?

እኔ፦